ይድረስ ለክቡር አቶ የኢንተርኔት መቆራረጥ፣ አድራሻዎ እስካሁን ላልተገኘው

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ። ናፍቆት ስልዎት ደሞ ቀልድ እንዳይመስልዎ፣ ስንት ዓመት ሙሉ መሰላል ተሸክሜ ስፈልግዎ አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት ተያይተን አናውቅም እኮ።

እውነቱን ልንገርዎት፣ የተቆረጠ ኬብል ጨዋ ነው። ሄጄ አገኘዋለሁ፣ የትም አይሸሽም። ቲዲአሩን (ኬብሉ የት ጋ እንደተበላሸ ሚለካውን መሣሪያዬን) ሳስርበት የላክኩት ሲግናል የተቆረጠው ጋ ደርሶ ይመለሳል፣ በሄደበት ጊዜ ይሰላና ይሄን ያህል ሜትር ላይ ነኝ ብሎ ራሱ ይናዘዛል፣ ቆፍሬ ወይ ወጥቼ ቀጥዬው ወደ ቤቴ። እርስዎ ግን ለ40 ሰከንድ ብቅ ይሉና የሰውየውን ቪዲዮ ኮል አፉን እንደከፈተ አድርቀውት ይሰወራሉ፣ እሱ ተናዶ ደውሎ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ቲኬት (የብልሽት መዝገብ) ተከፍቶ፣ ቲኬቱ እኔ ጋ ደርሶ፣ እኔ ደርሼ በሩን ሳንኳኳ እርስዎ የሉም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ በቃ።

ባለፈው 3ኛ ጊዜ የተጠራሁበትን ቤት ያስታውሱታል መቼም። በሩን የከፈቱልኝ እማማ ገና ሰላም ሳልላቸው «ልጄ፣ አሁን እኮ ጠፍቶ ነበር፣ ኮቴህን ሲሰማ መጣ» አሉኝ። ሞደሙን አየሁት፣ የዲኤስኤሏ (በስልክ ሽቦ ሚመጣው ኢንተርኔት) መብራት አረንጓዴ ሆና እንደ ጨዋ ልጅ ቁጭ ብላለች፣ ብልጭ የለ ድርግም የለ። ስፒድ ቴስት ሙሉ ነው። የሲግናሉና የኖይዙ ማርጂን፣ ማለት ሲግናሉ ጩኸቱን አሸንፎ ሚተርፈው ትርፍ፣ 9 ዲሲብል፣ 6 ቢሆንልኝም እኮ አልከፋም ነበር። ከዛ በፊት ሁለቴ እዚሁ ቤት መጥቼ ቲኬቱን «ችግር አልተገኘም» ብዬ ዘግቼዋለሁ። በሙያችን ውስጥ ከዚህች የበለጠች ውሸት የለችም። ችግሩማ አለ፣ በሰዓቱ ያልተገኘሁት እኔ ነኝ።

ከሁሉ ሚያንገበግበኝ ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ስነካዎት ይድናሉ! የዛገ ጆይንት (የሽቦ መቀጠያ) ውስጥ ገብተው ይተኛሉ፣ ሁለቱ የመዳብ ክሮች መሃል ስስ የዝገት ሽፋን አለ፣ የዲኤስኤል ሲግናል ደሞ አቅመ ደካማ ነው፣ እሱን መብሳት አይችልም። እኔ መጥቼ ቶን (የስልኩ ድምፅ) አለ የለም ብዬ የመፈተሻ ስልኬን ሳነሳ ግን ጅረቱ ሽፋኑን ለጊዜው ይበሳዋል፣ ላይኑ ከች! ሜገር፣ ያንን በከፍተኛ ቮልት ሽቦ ሚፈትሸውን መሣሪያ፣ ካሰርኩበትማ ጭራሽ ይባስ፣ የሱ ቮልት ድራሹን ያጠፋዋል። ማለት በሽታው ሐኪሙ ሲዳስሰው ሚጠፋ፣ ሐኪሙ ሲወጣ ሚመለስ ሆነ። ሰው ሲጠይቀኝ «ምን አርገህ ሰራኸው?» ይለኛል፣ ምን ልበለው፣ ሄሎ አልኩት ልበለው?

አንዳንዴ ደሞ ከሁለቱ ክር አንዱ ጭራሽ ተለያይቶ እርስዎ በአንድ እግር እያነከሱ ኢንተርኔቱን ይዘው ይሄዳሉ። ስልኩ ሞቷል፣ ኢንተርኔቱ ግን እየተንፏቀቀም ቢሆን አለ፣ ደንበኛው «እንዴት ነው ስልክ ሳይኖር ኢንተርኔት ሚኖረው» ሲለኝ ከፍተኛ ድግግሞሽ ትንሿን ክፍተት መዝለል ይችላል ብዬ ሳስረዳው በአይኑ ይህ ልጅ ተምሯል ወይ ይለኛል።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ በማላከክ ደሞ አቻ የለዎትም። ራውተሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ተከቶ ዋይፋዩ ሲጠፋ ላይኑ ይሰደባል፣ ላይኑ ሲጠፋ ራውተሩ ይቀየራል። (ወገኖቼ፣ እባካችሁ፣ የዲኤስኤሏ መብራት ሳትነቃነቅ ስልካችሁ ላይ ብቻ ከጠፋ እኔን አትጥሩኝ።) ሌላ ጊዜ መኝታ ቤት አልጋ ስር የተረሳ ፊልተር (ስልኩን ከኢንተርኔቱ ሚለየው) የሌለው ስልክ ውስጥ ይደበቃሉ። የመጥሪያው ቮልት ወደ 90 ይጠጋል፣ ስልኩ ሲጠራ ሞደሙ ይወድቃል፣ «አረ ስልክ በተደወለ ቁጥር ነው ሚጠፋው» ብሎ ሚነግረኝ ደንበኛ ካገኘሁ ግን ግንባሩን ነው ምስመው፣ ግማሹን ስራ ጨርሶልኛል።

ማታ ማታ ሚመጡትስ? ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ ሚባለው የዲኤስኤል ዓይነት እስከ 2.2 ሜጋ ኸርዝ ድረስ ያለውን በ4.3125 ኪሎ ኸርዝ ሸንሽኖ ነው ሚጠቀመው፣ የኤኤም ራዲዮ ጣቢያዎች ደሞ እዛው መሃል ናቸው ያሉት። ሲመሽ የራዲዮው ሞገድ ከላይኛው አየር እየነጠረ ከሩቅ ይመጣል፣ ያረጀና ሚዛኑን የሳተ ላይን እንደ አንቴና ይቀበለዋል፣ ቀን 9 የነበረው ማርጂን ማታ 2 ይሆናል። እኔ ቀን ሄጄ ሁሉም ሰላም ነው ብዬ እፈርማለሁ። በአንድ ነገር ግን አመሰግንዎታለሁ፣ ትንሿን የኤኤም ራዲዮዬን ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ አርጌ ቤት ለቤት ስዞር እርር ሚል ድምፅ ከሰማሁ የተበላሸ ቻርጀር ወይ የመብራት ፓወር ሰፕላይ አገኛለሁ፣ ጎረቤት ግን እብድ መጣ ብሎ በር ይዘጋል።

ይሄ ሁሉ ምሬት የኔ ብቻ ነው ብዬ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የተሰማውን የአበርሆሳንን ታሪክ እስካነብ። ዌልስ ውስጥ ያለች ትንሽ መንደር ናት፣ 18 ወር ሙሉ በኛ አቆጣጠር ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን የመንደሩ ኢንተርኔት ይናዳል፣ ኬብል ተቀየረ፣ ምንም። በመጨረሻ ቴክኒሻኖቹ ገና በጠዋቱ ስፔክትረም አናላይዘር (ሞገድ ሚያሳይ መሣሪያ) ይዘው ሲዞሩ አንድ ያረጀ ቴሌቪዥን ሆኖ ተገኘ፣ ባለቤቱ በየጠዋቱ ይከፍቱታል፣ እሱ ደሞ የጩኸት ሞገዱን ሰፈሩ ላይ ይረጫል። 18 ወር! በአንድ ቴሌቪዥን! እዛ ቁጭ ብለው ሲስቁ ነው ሚታየኝ።

ደንበኛውም ያሳዝነኛል። በንዴት ሞደሙን ሲያጠፋ ሲያበራ ብዙ ጊዜ ማዶ ጣቢያው ጋ ያለው ሲስተም ይሄ ላይን ደካማ ነው ብሎ ይመዘግበውና ማርጂኑን ከፍ ፍጥነቱን ዝቅ ያረግበታል፣ አሁን እርስዎ ባይኖሩም ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል፣ እና በማን ይፈረዳል? በእኔ።

ግን አንድ ነገር ረስተዋል አቶ መቆራረጥ። ዱካ ይተዋሉ። የዛን ቀን እማማ ቤት «ደህና ነው» ብዬ ልወጣ ስል የሞደሙን ገፅ ከፈትኩት፣ ላይኑ ከተነሳ 11 ደቂቃው ነው፣ 11! የሲአርሲ ስህተቱ (ተበላሽቶ የደረሰው ዳታ ቆጠራ) ደሞ በሺዎች ተቆልሏል። እኔ ሰፈሩ መግቢያ ላይ ሆኜ እኮ እዚህ ነበርክ! አንተ አይን አውጣ፣ ይቅርታ፣ አመለጠኝ፣ እርስዎ አይን አውጣ፣ የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ሚባለው ለእርስዎ ነው።

ከዛ ቁጭ አልኩና መጀመሪያ ቀን መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኩ። «እማማ፣ መቼ መቼ ነው ሚጠፋው?»

«ዝናብ ሲጀምር ነዋ ልጄ፣ እንደ ቅድሙ ካፊያ። ሲቆይ ይለቃል። እኔ ደሞ ሲጠፋ ስልኩን አንስቼ እዘጋለሁ፣ ይመጣል። ማንም አልጠየቀኝም እንጂ።»

ሁለት ቲኬት ዘግቻለሁ እኮ በእኚህ ሴትዮ ስም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ሚሉት ሲገባኝ ምሰሶው ላይ ያለውን የጆይንት ሳጥን በመስኮት አየሁት፣ ክዳኑ ከፈት ብሏል፣ ፀሐዩ ደሞ ቀጥ ብሎ ይወርድበታል፣ ውስጡ ደርቋል፣ እርስዎ የሉም። እዛው ሁሉንም ነቅዬ ልጠቅልለው አሰኝቶኝ ነበር፣ ግን 10 ፔር (ጥንድ ሽቦ) ነው ያለበት፣ የጎረቤቱን ሁሉ አነካክቼ አዲስ ወንድሞች ልፈለፍልልዎ? ደሞ እርስዎን ሳላይ ጠግኜ ብሄድ እዛ እንዳልነበሩ ማን ያውቃል።

ስለዚህ ቀጠሮ ልስጥዎት። ነገ ይዘንባል ተብሏል። እማማ ስልኩን እንዳያነሱ ተማምለናል፣ እኔም ቶን አልፈትሽም፣ ሜገሩን መኪና ውስጥ እተወዋለሁ፣ ቲዲአሩን ብቻ ነው ማስረው፣ እሱ ደሞ አይኮረኩርም። መቁረጫውና ጄል ያለው ኮኔክተር ኪሴ ውስጥ ነው። ከእርስዎ ሚጠበቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እባክዎ መብራቷን ብልጭ ድርግም እያረጉ እኔ እስክደርስ ይቆዩኝ።

አክባሪዎ፣
ዝናብ የሚለምነው የላይን ቴክኒሻን