ነጩ ስልክ ፖለቲካ የለበትም አትበሉን

ሰሞኑን እዚሁ አዲስ አበባ አንድ የፊልም ውይይት ላይ ተናጋሪው "የነጭ ስልክ" የሚባሉትን፣ እ.ኤ.አ. የ1930ዎቹን የጣሊያን ፊልሞች ዲኮር በስላይድ እያሳየ "ይሄ ንጹህ ውበት ነው፣ ሙሶሎኒን እዚህ አታምጡብኝ" አለ፣ ተጨበጨበለት። ማስረጃው ደግሞ ፊልሞቹ ውስጥ ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ ሰው፣ ማለትም ፋሺስት፣ አይታይም ነው። ይሄ ማስረጃ ነው? አገዛዙ እኮ ሰው ፖለቲካ እንዳያስብ የፈለገው እዛው ሲኒማ ቤት ውስጥ ነበር!

እስቲ የእነዚህን ፊልሞች ሳሎን በደንብ እዩት። ከብረት ቱቦ የተሠራ ወንበር፣ ጌጥ የሌለው ነጭ ግድግዳ፣ ሰፊ መስታወት፣ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ስልክ፣ የተራው ሰው ስልክ ግን (ካለው ማለት ነው) ጥቁር ነበር። ይሄ መልክ ከሰማይ አልወረደም፣ እ.ኤ.አ. በ1926 ሚላን ላይ ግሩፖ 7 ብለው የተሰባሰቡት ወጣት አርክቴክቶችና መሰሎቻቸው ያመጡት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1930 ሞንዛ ኤግዚቢሽን ላይ ከነሱ መካከል ፊጂኒና ፖሊኒ ከጓደኞቻቸው ጋር ያሳዩትን "የኤሌክትሪክ ቤት" ያየ ሰው ፊልሞቹን ሲያይ ቤቱን ያውቀዋል። ፊልሙ ያንን ቤት ወስዶ የባሮንና የሀብታም መዝናኛ አደረገው። ይባስ ብሎ ፍቺና ማማገጥ ጣሊያን ውስጥ ሲሆን ማሳየት ሳንሱሩ ስለማይወድ ታሪኩን ቡዳፔስት ይወስዱታል፣ ሮም ስቱዲዮ ውስጥ በጣሊያን አናጢ የተሠራው ሳሎን ሀንጋሪ ነው ይባላል፣ ያ ሁሉ ቅንጦትና ብልግና የጎረቤት ችግር ይሆናል፣ የጣሊያን ቤተሰብ ደግሞ ንጹህ ሆኖ ይቀራል። ፖለቲካ ያልነካው ዲኮር አድራሻውን ምን አስቀየረው?

ጋስቶኔ ሜዲንን የመሰለ የፊልም ዲኮር ዲዛይነር እጁ ወርቅ እንደሆነ አልክድም። ግን የእጅ ጥበብ ከተጠያቂነት አያድንም። ከግሩፖ 7 መሥራቾች አንዱ ካርሎ ኤንሪኮ ራቫ ስለ ቅኝ ግዛት አርክቴክቸር የጻፈ፣ ሞቃዲሾ ላይ ሆቴል የሠራ፣ በኋላ የፊልም ዲኮር ውስጥ የገባ ሰው ነው። ታዲያ የቱ ጋ ነው ውበቱ ከቅኝ ግዛቱ የሚለየው?

ሮም ያለው ትልቁ የፊልም ስቱዲዮ ቺኔቺታ የተመረቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 1937 ነው፣ በኛ ሚያዝያ 20 ቀን 1929። የካቲት 12 አዲስ አበባ ላይ ሰው ከታረደ ገና ሦስት ወር አልሞላም። ተናጋሪው ስላይዱን እዚሁ ከተማ ሲያሳይ ይሄን ቀን ሳይጠራ ማለፍ አልነበረበትም፣ በሚቀጥለው መድረክም ሲያልፈው ዝም ልንለው አይገባም።