ይድረስ ለቢሯችን እልፍኝ አስከልካይ

ለክቡር የኮምፒዩተር መግቢያ ገጽ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ደጅ መጥናቴን ስለማሳወቅ ይሆናል

ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው፣ ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ደጅዎን ስጠና አርፍጃለሁ። ደብረ ማርቆስ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከተማ ናትና ደጅ ጥናት ለአገሩ አዲስ አይደለም። የዱሮዎቹ እልፍኝ አስከልካዮች ግን ሰው ሲመልሱ መቼም የሚገባ ምክንያት ሳይሰጡ አይቀሩም። እርስዎ ምን አሉኝ? "በዚህ ኮምፒዩተርና በዋናው ዶሜይን መካከል ያለው መተማመን ፈርሷል።"

(ዶሜይን የሚሉት የቢሮው ኮምፒዩተሮች ሁሉ በአንድ ዋና ማሽን የሚተዳደሩበትን ግቢ ነው።) ደነገጥኩ። ሰኞ ማታ በሰላም ነበር የተለያየነው። "ሽማግሌ እንላክ እንዴ?" አለችኝ አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነው። ካፕስ ሎክ በርቶ ይሆን? አልበራም። ኪቦርዱ ወደ አማርኛ ዞሮ ይሆን? አልዞረም። የይለፍ ቃሉን በአንድ ጣት እየለቀምኩ ሦስት ጊዜ መታሁ። አራተኛውን ፈራሁ። ብዙ ከነካኩዎ አካውንቱን ጥርቅም አድርገው እንደሚቆልፉት አውቃለሁ።

ከቢቸና በሌሊት ተነስተው የመጡ አንድ አባት ወንበር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይጠብቃሉ።

"እንዴት ነው ልጄ፣ እሺ አላለህም?"

"መተማመን ጠፍቷል ይለኛል አባቴ።"

"ከማን ጋር?"

"ከዋናው ጋር።"

"ዋናው የት ነው ያለው?"

"ኮሪደሩ ጫፍ፣ ያ የተቆለፈው ክፍል ውስጥ።"

"ታዲያ ሄደህ አታናግረውም?"

የአይቲው ልጅ አራት ሰዓት አልፎ መጣ። አጥፍቶ አበራው። (ይህን እኔም አድርጌው ነበር፤ እሱ ሲያደርገው ግን ሙያ ነው።) ከዚያ "የኔትወርክ ገመዱን ንቀለው" አለኝ። ነቀልኩ። ገባሁ!

ክቡርነትዎ ይህን እንዴት ያስረዱታል? ከግቢው ጋር ተገናኝቼ ስመጣ "አላውቅህም"፣ ገመድ በጥሼ ስመጣ "ግባ"። ልጁ እንደነገረኝ ዊንዶውስ ከዚህ ቀደም የገቡ ሰዎችን፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው እስከ 10 ድረስ፣ ይዞ ያስቀምጣል። ዋናውን መጠየቅ ሲያቅተው በትዝታ ያስገባል። በትዝታ ገባሁ፤ የአባት ፋይል ግን ሰርቨሩ፣ ማለትም ዋናው ማሽን ላይ ነው። ባዶ እልፍኝ ነው የገባሁት።

ልጁ ማሽኑን ከዶሜይኑ አውጥቶ መልሶ ሊያስገባው ሲል ዓይኑ ከታች ጥግ ላይ አረፈ።

"ሰዓቱን ማን ነካው?"

"ምን ሆነ? ልክ ነው እኮ።" የእጄን ሰዓት አሳየሁት። አራት ከአርባ። ማያው ላይም 4:40። አንድ ደቂቃ አይዛነፍም።

"እሱ ነው ችግሩ" አለ።

እዚህ ላይ መናዘዝ አለብኝ። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ነበር። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን ይዛ የምትቆየው የማዘርቦርዱ ባትሪ፣ ሲአር 2032 የምትባለው ሳንቲም መሳይ፣ ሞታለች። ጠዋት ስከፍተው ጥቁር ገጽ መጥቶ ቀንና ሰዓት ሙላ አለኝ። ሞላሁ። ዓመቱን እንኳ አስቤበታለሁ፤ የፈረንጅ ነው ብዬ 8 ደመርኩ። ሰዓቱ ላይ ግን የእናቴ ልጅ ሆንኩ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ነውና 2:20 ብዬ ጻፍኩ። እርስዎ ዘንድ ይህ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከሃያ ነው ለካ። በዚያ ሰዓት በር የሚያንኳኳ ሰው ደግሞ ምን እንደሆነ ዘበኛ ሁሉ ያውቀዋል።

እዚያ በር ላይ ቆሞ የገቢውን ማንነት የሚያጣራው አሠራር ከርቤሮስ ይባላል። ስሙ የመጣው በግሪኮች ተረት የሙታንን አገር ደጅ ከሚጠብቀው ባለ ሦስት ራስ ውሻ ነው። ካልቀየሩት በቀር በኮምፒዩተሩና በዋናው መካከል ከ5 ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነት አይታገስም። 5 ደቂቃ! እኛ ዘንድ በአምስት ደቂቃ ያረፈደ ሰው ቀድሞ እንደመጣ ነው የሚቆጠረው። እኔ ደግሞ የተዛነፍኩት በ6 ሰዓት ነው።

ይሁን፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ግን ዋሸራና ዲማ ባሉበት አገር ተቀምጠው እንዲህ ያለ ቅኔ ይቀኛሉ? ሰሙ "መተማመን ፈርሷል"፣ ወርቁ "ሰዓትህን አስተካክል"። ሁለቱን የሚያገናኝ ኅብረ ቃል የት አለ? የትኛው የኔታ ነው ይህን ሰምቶ ዝም የሚለው?

ሰዓቱ ተስተካከለ፣ ገመዱ ተሰካ፣ በሩ ተከፈተ። የአባት ጉዳይ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። "ዋናውን አናገርከው?" አሉኝ ሲወጡ። ታርቀናል አልኳቸው።

ለባትሪዋ የግዢ መጠየቂያ ሞልቻለሁ። ሦስት ፊርማ ይፈልጋል፤ ሁለቱ ተገኝተዋል። እስከዚያው መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ "ስምንት ሰዓት ነው" እያልኩ እዋሽልዎታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
መተማመኑን ያፈረሰው ሠራተኛ

ግልባጭ፦ ለሦስተኛው ፈራሚ