ልንሄድ ነው

የወጥ ቤታችን ቧንቧ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያንጠባጥብ ኖሯል። ከሥሩ ባዶ የእርጎ ዕቃ አስቀምጠንለታል። ማታ ማታ እሱን መድፋት የእኔ ሥራ ነው። ለምን አታስጠግኑትም ለሚለን ሁሉ መልሳችን አጭር ነው። ልንሄድ ነው።

ወዴት? ቴክሳስ ነዋ! አንድ ሰሞን ሻርሎት ነበር። ከዚያ በፊት አትላንታ። አገሩ ይቀያየራል እንጂ መሄዳችን ያው ነው። የሳሎኑ መጋረጃ ያልተቀየረው ልንሄድ ስለሆነ ነው። የደረጃው ምንጣፍ መሃል መሃሉ የተመለጠው ልንሄድ ስለሆነ ነው። ባለቤቴ ጓሮ ዛፍ እንትከል ስትለኝ፣ "ለሚገዛው ሰው ጥላ ልናዘጋጅለት ነው?" ብዬ አስቀረኋት። ያኔ ተክለነው ቢሆን ዘንድሮ ሥሩ ቁጭ ብለን ቡና እንጠጣ ነበር።

የምንኖረው ዲሲ ነው። ማለቴ፣ አገር ቤት ላሉት የምንላቸው እንደዚያ ነው። እውነቱን ለመናገር ቤታችን ውድብሪጅ ነው፤ ቨርጂኒያ። ከኋይት ሀውስ ሃያ ምናምን ማይል ይርቃል። የማናሳሱም ሐበሻ ዲሲ ነኝ ይላል፤ ሜሪላንድ፣ ጀርመንታውን ያለውም ዲሲ ነኝ ይላል። ደብረ ዘይት ተቀምጦ ፒያሳ ነኝ እንደማለት ነው። መጀመሪያ አርሊንግተን ተከራየን። ኪራዩ ሲጨምር አሌክሳንድሪያ ወረድን። እሱም ሲጨምር ስፕሪንግፊልድ። ቤት እንግዛ ስንል ደግሞ አቅማችን ያሳረፈን ውድብሪጅ ነው። ጉዞው ሁሉ በ95 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ነው። የዚህ መንገድ መጨረሻ ማያሚ ስለሆነ፣ በዚሁ ከቀጠልን አንድ ቀን ባሕር ዳር መድረሳችን አይቀርም።

መንገዱን ካነሳሁት አይቀር ልናገር። ጠዋት ወደ ዲሲ ለመግባት ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ነጻው መስመር ነው። እዚያ ላይ ሰው ቁርሱን ይበላል፣ ጺሙን ይላጫል፣ አገር ቤት ደውሎ የዘመድ አዝማዱን ሁሉ ወሬ ሰምቶ ይጨርሳል፤ መኪናው ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ሌላው ኤክስፕረሱ ነው። የእሱ ዋጋ እንደ መንገዱ መጨናነቅ በየጥቂት ደቂቃው ይለዋወጣል። በነጻ የሚያሳልፈው ሦስት ሆነህ ከተሳፈርክ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ነኝ።

የዚህ አካባቢ ሰው ግን ከ1970ዎቹ ጀምሮ መላ ዘይዷል። ስለጊንግ ይሉታል። የመኪና ማቆሚያው ጋ ተሰልፈው የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። አጠገባቸው ትቆምና መስኮትህን ዝቅ አድርገህ የምትሄድበትን ትጠራለህ። "ፔንታጎን! ፔንታጎን!" ልክ የሜክሲኮ ታክሲ ረዳት ነህ። ሁለት የማታውቃቸው ሰዎች ዘው ብለው ይገባሉ። አንተ ሦስት ሰው አገኘህ፣ እነሱ በነጻ ተሳፈሩ። ሳንቲም የለም። ደንቡ ሹፌሩ ካላወራ ተሳፋሪው አያወራም የሚል ነው።

ይህ ደንብ ሲወጣ ሐበሻ አልተጠየቀም። የመጀመሪያ ቀን ጎኔ የተቀመጠውን ሰውዬ በእንግሊዝኛ "እንዴት አደርክ? ቤተሰብ ደህና ነው? ልጆችስ?" አልኩት። ከኋላ የነበረችው ሴትዮ የበሩን እጀታ ያዝ አደረገች። ከዚያ ወዲህ አፌን ዘግቻለሁ። አንድ ተደጋግሞ የሚደርሰኝ ሰውዬ አለ፤ ስሙን እስካሁን አላውቀውም። ጫማውን ግን ዓይኔን ጨፍኜ እነግራችኋለሁ፤ የግራው ማሰሪያ ሁለት ጊዜ ተበጥሶ ተቋጥሯል።

እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሒሳብ እንሠራለን። ባለቤቴ የመብራት ቢል የመጣበትን ፖስታ ትገለብጥና መሃሉን ታሰምራለች። በግራ ቨርጂኒያ፣ በቀኝ ቴክሳስ። በግራ በኩል የምትጽፈው ብዙ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ታክስ የሚከፈልበት ገቢህ 17 ሺህ ዶላር ካለፈ፣ ከዚያ በላይ ያለው 5.75 ፐርሰንት ይቆረጥበታል። የመጨረሻው ጣሪያ እሱ ነው። ፓርኪንግ የሚሠራው ልጅና የልብ ሐኪሙ አንድ ጣሪያ ሥር ተጠልለዋል ማለት ነው። በዚያ ላይ የመኪና ታክስ አለ። መኪናውን ስትገዛ አይደለም፤ በየዓመቱ ነው! በቀኝ በኩል ግን በትልቁ "ኢንካም ታክስ የለም" ብላ ትጽፍና ሁለቴ ታሰምርበታለች።

ይህን የነገረን ዳላስ የሄደው ጓደኛዬ ነው። እሱ ከሄደ ጀምሮ የቤቱን ፎቶ የሚልክልን በየክፍሉ ነው። አንድ ቀን የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ላከልኝ፤ ከእኛ መኝታ ቤት ይሰፋል። "እዚህ እኮ ግዛቱ ከደሞዝህ አምስት ሳንቲም አይነካም" ይለኛል። "የቤት ታክሱስ?" ስለው ስልኩ መቆራረጥ ይጀምራል። ቴክሳስ ከደሞዝህ የተወችውን ከቤትህ እንደምትወስድ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ግን በስልክ አይወራም።

እናቴን ለማማከር ደወልኩ።

"እማዬ፣ ዳላስ ልንሄድ ነው።"

"ደግሞ ማን መጣባችሁ?"

ፈረደባት። ለእሷ ዳለስ ኤርፖርት ነው። አውሮፕላኑ ከቦሌ ተነስቶ የሚያርፍበት፣ እኛ በበርበሬና በሽሮ የተሞላ ሻንጣ ልንቀበል የምንመላለስበት። ዳለስና ዳላስ ሌላ ሌላ መሆናቸውን ለማስረዳት አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። በመጨረሻ "ታዲያ የእኔን ሻንጣ ማን ሊቀበልልኝ ነው?" ብላ ዘጋችብኝ።

ሒሳቡ እንደምንም ወደ ቴክሳስ ሲያደላ ደግሞ ሞርጌጁ፣ የቤቱ ብድር፣ ትዝ ይለናል። በጃንዋሪ 2021 የ30 ዓመት ሞርጌጅ አማካይ ወለድ 2.65 ፐርሰንት ገብቶ ነበር። እኛም በዚያው ሰሞን ተሯሩጠን የቤቱን ብድር በ2.75 በአዲስ ቀየርነው፤ ሪፋይናንስ ይሉታል። በኦክቶበር 2023 ይኸው ወለድ 8 ሊደርስ ትንሽ ነበር የቀረው። ቤቱን ሸጠን ሌላ ከገዛን 2.75ታችን አብራን አትሄድም። ሰው አገሩን ጥሎ ይሰደዳል፤ እኛም ተሰደናል። 2.75ን ጥሎ የተሰደደ ግን በዓይኔ አላየሁም።

ያም ሆኖ ባለፈው ጁላይ ቤት ልናይ ሄድን። ጋርላንድ፤ እዚያው ዳላስ አጠገብ። ከመኪናው ወርደን በሩ እስክንደርስ የባለቤቴ ጸጉር ካስክ ውስጥ የቆየ መሰለ። ቤቱ እውነትም ቤት ነው፤ አምስት መኝታ። እሷ ፎቅ ወጣች፣ እኔ ምድር ቤት ቀረሁ። ብጠራት አልሰማችኝም። እዚያው ቤት ውስጥ ሆኜ በስልክ ደወልኩላት። "የት ነህ?" አለችኝ። "ወጥ ቤት መሰለኝ" አልኳት። ጓደኛዬ ከኋላዬ ቆሞ፣ "እኛም እራት የምንጠራራው በቴክስት ነው" አለ። በኩራት ነው የተናገረው።

በመመለሻው አውሮፕላን ላይ ባለቤቴ ፖስታው ላይ ጽፈነው የማናውቀውን ሒሳብ አነሳች። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ስንት ሰርግ፣ ስንት ክርስትና፣ ስንት ምርቃት፣ ስንት ቤቢ ሻወር በፖስታ ገብተናል? የእኛ ልጅ ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አላገባች፣ አልተመረቀች። አሁን ከሄድን ያ ሁሉ ገንዘብ ውሃ በላው ማለት ነው። ብድር በምድር ይባላል እንጂ ብድር በቴክሳስ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። የዳላሱ ጓደኛዬ ራሱ በዓመት ሦስት ጊዜ የሚመጣው ለዚሁ ነው። የራሱን ሊያወጣ። ባለአምስት መኝታው ሰውዬ ሲመጣ የሚያድረው እኛ ቤዝመንት፣ ሶፋ ላይ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሳለ ባለፈው ወር ቧንቧው ማንጠባጠቡን ትቶ መፍሰስ ጀመረ። የእርጎው ዕቃ አልቻለም። አንድ የሐበሻ ልጅ ጠርተን መጣ። ከሥሩ ገብቶ ሲጨርስ ፊቱን እየጠረገ፣

"ጋሼ፣ መቼ ነው የምትሸጡት?" አለኝ።

"አንሸጥም።"

"እሺ። ግዴለም፣ ለማንም አልናገርም።"

የዛኑ ቀን ማታ የባለቤቴ ጓደኛ እያለቀሰች ደወለች። ሳትነግሪኝ ልትሄጂ ነው ወይ ብላ። ነገሩ ግልጽ ነው። በኛ ሰፈር ሲኖርበት ቤቱን የሚያሳድስ ሐበሻ የለም፤ ሊሸጥ ሲል ነው። ቅዳሜ የማኅበሯ ሴቶች ድፎ ዳቦ ይዘው ከች አሉ። ለመሸኛ ገንዘብ ማዋጣት ጀምረዋል። ባለቤቴ ደጋግማ "ኧረ ቧንቧ ነው ያሠራነው!" ትላለች። እነሱ እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዷ ሶፋችንን በስንዝር ትለካለች። ስልኬ ጮኸ፤ የዳላሱ ነው።

"ቧንቧ አሠራችሁ አሉ! ስንት መኝታ ልፈልግላችሁ?"

ስልኩን ዘግቼ ሳሎን ስመለስ ሶፋው ተሽጧል። ስንዝረኛዋ ጥሩ ዋጋ ሰጠች፤ ባለቤቴም እምቢ ማለት ከብዷት ነው አሉ። የቤዝመንቱንም ለሌላዋ ቃል ገብታላታለች።

አሁን ሳሎን ውስጥ የምንቀመጠው ፍራሽ አንጥፈን ነው። ትናንት ማታ አዲስ ሶፋ እንግዛ ብዬ ነበር። ባለቤቴ ከፍራሹ ቀና ብላ አየችኝ።

"ልንሄድ አይደል እንዴ?"

ቧንቧው ግን ጠብ አይልም።