«አባት የተጠየቀበት ቦታ ልጅ ይገባል» ብሎ ማቆም ይብቃ

እስቲ ዛሬ ልናገረውና ይውጣልኝ። በአንዲት መስመር ኮድ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ።

በዩኒቲ (የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ነው) በሲ ሻርፕ ቋንቋ ጌም እየሠራሁ ነው። «ገጸ ባሕርይ» የሚባል አባት ክላስ (ሌሎች የሚወርሱት የዓይነት ንድፍ) አለኝ፤ «ጠላት» እና «ነጋዴ» ከሱ ይወርሳሉ። ተጫዋቹ ፊት ለፊት ማን እንደቆመ የሚፈልግ ሜተድ (ሲጠራ አንድ ሥራ የሚሠራ ኮድ) ጻፍኩ። ካገኘ «ትሩ» (እውነት) ይመልሳል፣ ያገኘውን ደግሞ በአውት ፓራሜትር (ሜተዱ ተጨማሪ ውጤት በሚያወጣበት መንገድ) ያስረክባል፤ በጌሙ ውስጥ ቀጥ ያለ መስመር የሚልከው ሬይካስት የመታውን ነገር እንደሚሰጠን ማለት ነው። ፓራሜትሩ ገጸ ባሕርይ ነው፣ እኔ የጠላት ቫሪያብል (ዋጋ የሚቀመጥበት ስም) ሰጠሁት። ኮምፓይለሩ (ኮዱን ፈትሾ የሚተረጉመው ፕሮግራም) በቀይ ጽሑፍ ስህተት አወጣ፦ ሲኤስ 1503! ከ«አውት ጠላት» ወደ «አውት ገጸ ባሕርይ» መቀየር አይቻልም።

እንዴት አይቻልም? ጠላት ገጸ ባሕርይ አይደለም እንዴ? ክፍል ውስጥም ቪዲዮ ላይም ስንት ጊዜ የተነገረን «አባት የተጠየቀበት ቦታ ልጅ ይገባል» የሚለው አይደል? ዩኒቲን ዘግቼ ከፈትኩ። ዩኒቲ ያዘጋጃቸውን ፋይሎች የሚያስቀምጥበትን ላይብረሪ ፎልደር አጠፋሁ፣ ሁሉም አሴት (ምስሉ፣ ድምፁ፣ ሌላውም) እንደ አዲስ እስኪገባ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ክላሶቹን ከዜሮ ጻፍኳቸው። ያው ቀይ ጽሑፍ።

በአውት የምንሰጠው ዕቃውን ሳይሆን ማስቀመጫውን ነው፤ ይህን የነገረኝ ሰው የለም! ሜተዱ ነጋዴ ካገኘ፣ ለጠላት ባዘጋጀሁት ቫሪያብል ውስጥ ነጋዴ ሊያስቀምጥ ነው። ከዚያ «አጥቃ» ብዬ ስጠራው ነጋዴው ምኑን ያጠቃል? ኮምፓይለሩ ልክ ነበር።

ግልባጩም ያው ነው። ሜተዱ አውት ጠላት ቢሆንና እኔ የገጸ ባሕርይ ቫሪያብል ብሰጠው ምንም የሚጎዳ አይመስልም፤ ሲ ሻርፕ ግን አይቀበልም። አውት ኮፒ ሳይሆን የእኔው ቫሪያብል ራሱ ስለሆነ፣ ሜተዱ ሳይጨርስ ሌላ ኮድ ነጋዴ ሊጽፍበት ይችላል። ስለዚህ ዓይነቱ ቁርጥ አንድ መሆን አለበት። አሬይ (የብዙ ዕቃዎች ዝርዝር) ላይ ይኸው ቋንቋ ለቀቅ ያደርጋል፤ የጠላት አሬይ የገጸ ባሕርይ አሬይ ነው ብትሉት ያልፋል፣ ነጋዴ ስታስገቡበት ግን ጌሙ እየሄደ ኤክሴፕሽን (ስህተት) ይወረውራል። ከዚህስ የኮምፓይለሩ ክልከላ ሺህ ጊዜ ይሻለኛል።

መፍትሔው ደግሞ አንድ መስመር ነበር! ሜተዱን ጄኔሪክ አድርጎ (ዓይነቱን የሚጠራው ሰው እንዲወስን፤ እስከዚያ ቦታውን የሚይዘው ስም ቲ ነው)፣ ቲ ገጸ ባሕርይ ራሱ ወይም ከሱ የሚወርስ ዓይነት ብቻ ይሁን ማለት። የዩኒቲ ትራይ ጌት ኮምፖነንትም (አንድ ነገር ላይ የተለጠፈ ክፍል የሚፈልግ ሜተድ) ያገኘውን የሚሰጠን በአውት ቲ ነው። በየቀኑ እየተጠቀምንበት ለምን እንዲህ እንደተሠራ አንድ ደቂቃ ወስዶ የሚያስረዳ አስተማሪ እንዴት ይጠፋል? የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ዛሬ ጠዋት ከኔ በኋላ የጀመረ ልጅ ያንኑ ሲኤስ 1503 ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። እሱም ላይብረሪ ፎልደሩን አጥፍቶታል።