ይድረስ ለአያ ጅቦ፤ ስለ ጠዋቱ መንገድ

ይድረስ ለአያ ጅቦ፣
እንጦጦ፣ ባህር ዛፉ ውስጥ።

አያ ጅቦ፣ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከጉልበቴ በላይ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ግን ከባለፈው ማክሰኞ ጀምሮ የራሱን ኑሮ ይዟል፤ የቆርቆሮ አጥር ኮሽ ባለ ቁጥር እኔን ሳያማክር ይንቀጠቀጣል። ደብዳቤውን በግልጽ የጻፍኩት ቤትህን አጥቼው ነው እንጂ ገመናህን ላወጣ ብዬ አይደለም።

ምናልባት ካላስታወስከኝ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶን፣ ኮብልስቶኑም አልቆ ጭቃ በሚጀምርበት ሰፈር ነው የምኖረው። ቀይ ውሻ ያለኝ ሰውዬ ነኝ። ውሻው ቡቺ ይባላል። ሰፈራችን ውስጥ ውሻን በገመድ ይዞ የሚሄድ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ለመለየት አያስቸግርም። መጀመሪያ ሰሞን አንዲት እናት መንገድ ላይ አስቁመውኝ፣ «ልጄ፣ ምን አጥፍቶ ነው ያሰርከው? ወዴትስ ልትወስደው ነው?» ብለውኛል። «ላናፍሰው ነው» ስላቸው ዝም ብለው አዩኝና አማተቡ። ዛሬ ሳስበው እሳቸው አንተን ያውቁህ ኖሯል።

ማክሰኞ ዕለት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። ጭጋግ ነበር። ከመብራት ምሰሶዎቹ የሚሠራው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ሲፈልግ። ከሥጋ ቤቱ ቆሻሻ አጠገብ የቆመውን ነገር ሳይ የጎረቤት ውርንጭላ መሰለኝ፤ እንዲያውም «ይቺን አህያ ማነው የለቀቃት?» ብዬ ጮክ ብዬ ተናግሬያለሁ። ይቅርታ። ከዚያ ዞር አልክ። ከፊት ከፍ፣ ከኋላ ዝቅ ያለው ጀርባህ ታየኝ። አረማመድህ እንደሚያነክስ ሰው ነበርና ለአንድ አፍታ አሳዘንከኝ። «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» የሚለውን ተረት እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ግን ተረት በጭጋግ ውስጥ ቶሎ ትዝ አይልም።

የከፋኝ አስተያየትህ ነው። መጀመሪያ እኔን አየህ። ቀጥለህ ቡቺን አየህ። ደግመህ እኔን። ሥጋ ቤት ገብቶ ከታላቅና ከሽንጥ የቱን እንደሚያዝዝ የሚያመነታ ሰው የሚያይበት ዓይን ነው። በበኩሌ እንደምታየኝ ጎድን ብቻ ነኝ።

ስለ ቡቺም ልንገርህ፣ አንተም ታዝበህ ይሆናል። ይህ ውሻ ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ሰፈሩን እንቅልፍ ይነሳል። ለድመት ይጮኻል፣ ለነፋስ ይጮኻል፣ ለጥበቃው ሳል ሳይቀር ይጮኻል። አንተ አስር ሜትር ላይ ቆመህ ሳለ ግን ድምፁ ከየት ይምጣ! ጭራውን ወደ ሆዱ አጥፎ እግሮቼ መሀል ተወሸቀ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ ጌታዬ ነህና አንድ ነገር አድርግ ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የሚለው ነገር ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባኝ። ቡቺም ሳይገባው አልቀረም፤ አንገቱን ከማሰሪያው ሾለክ አድርጎ አውጥቶ ወደ ቤት ተፈተለከ። እኔ ባዶ ገመድ ይዤ ቀረሁ። ጅብ ፊት፣ በጭጋግ፣ ገመድ ይዞ የቆመ ሰው ምን ይመስላል?

መሮጥ እንደሌለብኝ አውቃለሁ። አንተ ስትሮጥ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ትጠጋለህ፣ እኔ ታክሲ ሲሞላ እንኳ አልሮጥም። ጩህበት፣ ድንጋይ አንሳ፣ ግዙፍ ምሰል ይላሉ የሚያውቁ። ልጮህ አፌን ስከፍት የወጣው «እንደምን አደርክ» ነው። አልመለስክልኝም፤ ይህም ተመዝግቦ ይያዝልኝ። ገመዱን ጥዬ ቀስ እያልኩ ወደ ኋላ ሄድኩ። ስቆም ቆምክ። ስሄድ ሄድክ። በራችን ድረስ ሸኘኸኝ ማለት ነው። የግቢው በር ሲዘጋ፣ እመነኝ፣ ቡቺ ከውስጥ ጮኸ! እንዴት ያለ ጩኸት! «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ያሉት አበው የኛን ግቢ ሳያዩ አልቀሩም።

በነገራችን ላይ «አያ» ማለቴ ስህተት ሊሆን ይችላል። ስለ እናንተ ሳነብ የቤቱ አዛዥ ሴቷ ናት፤ በአካልም ወንዱን ትበልጣለች። እንደዚያ ከሆነ እመት ጅቦ፣ አድራሻውን አስተካክለሽ አንብቢልኝ። ሌላም ያነበብኩት አለ፤ ውሻ መሰላችሁ እንጂ በዘር የምትቀርቡት ለድመት ወገን ነው ይላሉ። እንግዲህ ቡቺ ድመት ሲያይ ለምን እንደሚያብድ አሁን ተረዳሁት። የቤተሰብ ጠብ ነው።

ሐረር ያሉት ዘመዶችህ ግን ያሳፍሩሃል። እዚያ በእንጨት ጫፍ ሥጋ አድርጎ፣ አንዳንዴም እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ የሚያጎርሳቸው ሰው አላቸው። በግንቡ ላይ ማለፊያ ቀዳዳ ተሠርቶላቸዋል። በአሹራ ቀን ቅቤ የጠጣ ገንፎ ይቀርብላቸዋል፤ አበላላቸው ታይቶም የዓመቱ ዕድል ይገመታል። ቱሪስት ይመጣላቸዋል፣ ፎቶ ይነሳሉ። መቀሌ ያሉትማ ሠራተኞች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ አንድ ጥናት በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት ጥንብና ተረፈ ሥጋ ከከተማው እንደሚያነሱ አስልቷል። ይህን ሁሉ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ጓንት። አንተስ? አንተ እኔን ትሸኛለህ።

እሺ፣ ልክ አይደለሁም። አንተም ሠራተኛ ነህ። የበዓል ማግስት በግ የታረደበት ቤት ሁሉ አንጀቱንና ቀንዱን ወንዙ ዳር ወርውሮ፣ ማታ ደግሞ በር ዘግቶ «ጅብ በዛ!» ይላል። እኔም ፋሲካ ላይ አንድ ፌስታል ወርውሬያለሁ፤ ጨለማ ስለነበር ማንም አላየኝም፣ ካንተ በቀር። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይባላል፤ ቡቺ ግን ምንም አልቀደደም፣ ምስክሩ ነኝ።

የጾሙንም ነገር ሰምቻለሁ። ትግራይ ውስጥ ተመራማሪዎች ከሁዳዴ በፊት፣ በሁዳዴና ከሁዳዴ በኋላ የወገኖችህን እዳሪ ለቅመው በውስጡ ያለውን ጸጉር ለይተዋል። በ55ቱ ቀን ከሥጋ ቤት የሚጣል ሲጠፋ የአህያ ጸጉር በዛ። እኛ ስንጾም እናንተ በአህያ ትፈስካላችሁ ማለት ነው! አህያዋ ድንጋይና አሸዋ ተሸክማ መዋሏ አንሷት የኛንም ጾም ትጾምልናለች።

ማን ቀድሞ መጣ ወደሚለው አልገባም። አንተ ስለ ካርታ ከጠየቅከኝ ነገር ይበላሻል፤ እኔም የለኝም። ከምኒልክ ቤተ መንግሥት በፊት እዚያ ጋራ ላይ እንደነበርክ እገምታለሁ። ባህር ዛፉ እንኳ ካንተ በኋላ የመጣ ነው። አሁን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ፓርክ ሆኗል፤ በቀን ሰው ማኪያቶ ይጠጣበታል። ሌሊት ያንተ፣ ቀን የኛ፤ ጠባችን በመሀል ባለችው በዚያች ጭጋጋም ሰዓት ላይ ነው።

ጥበቃችን «እሱ ጅብ አይደለም፣ ሰው ነው፣ ቡዳ» ብሎኛል። ሰውም ጠቁሞኛል፤ ያው እንደተለመደው ቀጥቃጭ የነበረ ሽማግሌ። ይህ ወሬ ስንቱን ባለ እጅ ከጎረቤት ሲያጣላ እንደኖረ ስለማውቅ አልተቀበልኩትም። አንተ አንተው ነህ። ሰው ቢሆንማ ለሰላምታዬ ይመልስ ነበር።

እንግዲህ የምለምንህ ይህ ነው። አንተ ሥራህን ከ11 ሰዓት በፊት ጨርስ፤ እኔ ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት አልወጣም። ከኋላዬ አትምጣ፣ ከመጣህም አታነክስ፣ ሆዴን ታባባዋለህ። የመጣው ከመጣም አሮጌውን ቃል አትርሳ፤ አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። የቡቺ የአንገት ማሰሪያ ከነገመዱ በማግስቱ ስፈልገው የለም። ቆዳ ነበር፣ መርካቶ ተከራክሬ የገዛሁት። አንተ በማያውቁህ አገር ቁርበት አንጥፉልኝ እንደምትል እንጂ አጉርሱኝ እንደምትል አልተነገረኝም። በአራተኛው ቀን ቦዩ ዳር፣ ኖራ የመሰለ ነጭ ነገር ውስጥ የሚያብለጨልጭ አየሁ። ዘለበቱ ነው። ደርሶኛል። በበረኪና ሦስት ጊዜ አጥቤ፣ በአዲስ ማሰሪያ አድርጌ፣ ለቡቺ ላስርለት ብዬ ጠራሁት። አንድ ጊዜ አሸተተውና አልጋ ሥር ገባ።

ይኸው ደብዳቤውን እስክጨርስ አልወጣም።

አክባሪህ፣
የአህያዋ ባል