የአንግማርን ሠራዊት ተዉና ሦስቱን ወንድማማቾች እዩ

እናንተ የደሴ፣ የኮምቦልቻ፣ የወልድያ ልጆች! ዛሬ ቆጣ ብዬ ነው የምጽፍላችሁ። ካፌ ቁጭ ብላችሁ እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን በልብ ወለዶቹ ስለፈጠረው ዓለም ስትከራከሩ እሰማለሁ። ማንበባችሁ ደስ ይለኛል፤ ይልመድባችሁ። በዚያ ዓለም ያለው የጠንቋዩ ንጉሥ አገር፣ የአንግማር ወሬ ሲነሣ ግን እናደዳለሁ። ወሬያችሁ ሁሉ ስለዚህ ጠንቋይ ንጉሥ ግርማ፣ ስለ ሠራዊቱ ብዛት ነው። ምስሉን ፕሮፋይል ያደረጋችሁትም አላችሁ። ያ ክፉ መንግሥት እንዴት እንደተነሣ ግን አንዳችሁም ትንፍሽ አትሉም።

በሰሜን አርኖር የሚባል ትልቅ መንግሥት ነበረ። በልብ ወለዱ አቆጣጠር በሦስተኛው ዘመን በ861 ንጉሡ ኤአሬንዱር ሞተ። ሦስት ልጆቹ ተጣሉና አገሩን ተካፈሉት፤ አርተዳይን፣ ካርዶላን፣ ሩዳውር ተባለ። ልብ በሉ፣ ያን ጊዜ አንግማር የሚባል ነገር የለም። ጠንቋዩ ንጉሥ ብቅ ያለው በ1300 ገደማ ነው። ከአራት መቶ ዓመት በላይ እርስ በርሳቸው ሲነካከሱ የኖሩት ማንም ሳይነካቸው ነው።

እሱስ ለምን ሰሜንን መረጠ? የአርኖር ወንድም መንግሥት፣ በደቡብ ያለው ጎንዶር ገና ብርቱ ነበር። አርኖር ግን ተከፋፍሏል። ተስፋ ያደረገው በመከፋፈላቸው መሆኑ በታሪኩ ውስጥ ፊት ለፊት ተጽፏል። እናንተ ይህቺን ዘላችሁ ነው ጦርነቱ ላይ የምትደርሱት።

የተጣሉበትን ነገር ደግሞ እዩ። አሞን ሱል የሚባል ኮረብታ በሦስቱ ድንበር ላይ ቆሟል። አናቱ ላይ ግንብ አለ። ግንቡ ውስጥ ሩቁን የሚያሳይ ፓላንቲር የሚባል ድንጋይ ተቀምጧል። በሰሜን ከነበሩት ሦስት ድንጋዮች ዋናው ይሄ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ በአርተዳይን እጅ ስለነበሩ ሩዳውርና ካርዶላን ይሄኛውን አጥብቀው ፈለጉት። የድንበር ነገር ለወሎ ሰው አይነገርም። አንድ ክንድ ወሰን ተገፋ ተብሎ ስንት ቤት እንደተዘጋ ታውቃላችሁ።

ሩዳውርን አንግማር በጦር አልሰበረውም። ከኮረብተኞቹ አንድ ክፉ ሹም በስውር ከአንግማር ጋር ተወዳጀና ሥልጣኑን ያዘ። በሩ የተከፈተው ከውስጥ ነው። በ1409 ታላቁ ሠራዊት ሲወጣ ካርዶላን ተወረረች፤ የአሞን ሱልም ግንብ ተቃጥሎ ፈረሰ። የአርተዳይን ሰዎች ድንጋዩን ብቻ አትርፈው ወደ ከተማቸው ወደ ፎርኖስት ሸሹ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በ1636 ታላቁ ወረርሽኝ የካርዶላንን ሕዝብ አብዛኛውን ፈጀው። አገሩ ባዶ ሲቀር ከአንግማርና ከሩዳውር ክፉ መናፍስት መጡ። የገቡት ቤት ውስጥ አይደለም። የጥንት ነገሥታት ወደተቀበሩባቸው ጉብታዎች ነው የገቡት። ከአባቶች አፅም ጋር፣ ከሰይፋቸውና ከወርቃቸው ጋር ተቀመጡ። ልጆቹ ሊያከብሩት የሚገባው መቃብር በአጠገቡ የሚያልፈውን የሚይዝ ወጥመድ ሆነ።

ወገኖቼ፣ ይህ በእኛም መንደር ይሠራል። ቦሩ ሜዳ ላይ በ1870 ዓ.ም. የሆነውን እናውቃለን። አፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም መኳንንት ክርስትና እንዲነሡ አስገደዱ። መሐመድ አሊ የነበሩት ራስ ሚካኤል ሆኑ። ሰው ተሰደደ፣ ደም ፈሰሰ። ይህ ይነገር፣ ይጻፍ፤ ማንም አፍ አይዝጋ። ነገር ግን ያንን ቆፍሮ አውጥቶ «አያትህን ያዋረዱት እነዚህ ናቸው» እያለ ጎረቤትህን የሚያሳይህ ሰው ታሪክ እየነገረህ አይደለም። አያትህ መቃብር ውስጥ ገብቶ በአያትህ ድምፅ ነው የሚያወራህ። አያትህ ራሱ ከዚያ ሁሉ በኋላ ከዚያው ጎረቤት ጋር ቡና ጠጥቷል፣ ልቅሶ ደርሷል፣ ተጋብቷል። በአንድ ቤት እስላምና ክርስቲያን ወንድማማቾች ያሉበት አገር እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም። እናንተ ግን ያንን መርዝ በቴሌግራም ተቀብላችሁ፣ ሳታላምጡ ለሌላው ታስተላልፋላችሁ። አታፍሩም? በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ ያደረገውን በዓይናችሁ አይታችሁ!

«አንግማርም እኮ ወደቀ» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ወደቀ። አወዳደቁን ግን በደንብ አንብቡት። በ1974 ክረምት ፎርኖስት ተያዘች። የመጨረሻው የአርተዳይን ንጉሥ አርቬዱዊ ወደ በረዶው አገር፣ ወደ ፎሮኬል ሸሸ። በዚያ ያሉ ድሆች የበረዶ ሰዎች አስጠጉት። በኋላ መርከብ ሲላክለት የእነሱ አለቃ «በዚህ መርከብ አትሂድ፣ በጋ እስኪገባ ቆይ፤ ያን ጊዜ የጠንቋዩ ኃይል ይደክማል» ብሎ ለመነው። አልሰማም። መርከቡን በረዶ ጨፈለቀው። ንጉሡ ሰመጠ። ሁለት ድንጋዮች አብረውት ሰመጡ፤ አንዱ ያ የአሞን ሱሉ ነው። ስንት ትውልድ የተባላበት ድንጋይ ለማንም ሳይሆን ቀረ።

ሊረዱ የመጡት የጎንዶር መርከቦች የደረሱት ከዚህ በኋላ፣ በ1975 ነው። የአንግማር ሠራዊት በዚያ ጦርነት ተደመሰሰ። ጠንቋዩ ንጉሥ ግን አመለጠ። አርኖርም አልተመለሰችም። የአርቬዱዊ ልጅ ዙፋን ላይ አልወጣም፤ በምድረ በዳ የሚንከራተት የጥቂት ሰዎች አለቃ ሆነ። እንግዲህ ጠንቋዩ የመጣበትን ጉዳይ ጨርሶ ነው የሄደው። እናንተ የምታጨበጭቡለት ድል ይሄ ነው።

በእኛ አገር አበጋሮች ገና አሉ። ደም የሚያደርቁ፣ በእስላምና በክርስቲያን፣ በአማራና በአፋር መካከል ቁጭ ብለው የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች ናቸው። ሲቀመጡ ሄዳችሁ ጥግ ይዛችሁ አዳምጡ፤ እነሱ ሲያልፉ ቦታቸውን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ወዳጃ፣ ያ የጸሎት ስብስብ፣ ሲጠራ አትቅሩ። የጎረቤት ማኅበር ሲደገስም እንደዚያው። «እነ እገሌ ሊነሡብን ነው» የሚል ድምፅ ስልካችሁ ላይ ሲገባ ለማንም አትላኩ። ተነሡና የእነ እገሌን በር አንኳኩ፤ ምን እንዳለ ከራሳቸው አፍ ስሙ። የወሰን ጠብ ካለም ጎንዶር እስኪደርስ አትጠብቁ። ነገሩ ገና በሁለት ሰው መካከል እያለ አበጋሩን ጥሩ።