የምሥራች፦ ተሸጣችኋል

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የአጎቴ ልጅ ሽሮ እያማሰለች ደወለችልኝ። «አንድ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ላንብብልህና ትርጉሙን ንገረኝ» አለች። ደብዳቤው «በታላቅ ደስታ እናበስራለን» ብሎ ይጀምራል። «ጉዞ» የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ፣ «ቤተሰብ» አራት ጊዜ፣ «አዲስ ምዕራፍ» ሁለት ጊዜ ይመጣል። አንብባ ስትጨርስ «ታዲያ ምን ሆኑ?» አልኳት።

«እኔ እንጃ» አለች። «ብቻ በጣም ደስ ብሏቸዋል።»

ሽሮው እስኪንተከተክ ደጋግመን አነበብነው። በአምስተኛው አንቀጽ፣ ከምስጋናው ግርጌ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። የጦማሯን (የብሎጓን) ማስታወቂያ የሚያካሂድላት ድርጅት ለሌላ ድርጅት ተሸጧል። ከእሷ ቀጥላ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ያስነሣችኝ ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ለእርስዎ የሚለወጥ አንዳችም ነገር የለም።»

«ምን ብለሽ መለስሽላቸው?»

«እንኳን ደስ አላችሁ አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል?»

እኔ ይህችን ዓረፍተ ነገር ላመሰግን ነው የተነሣሁት። እስከ ዛሬ የሰደባት እንጂ ያመሰገናት አልገጠመኝም፤ ውለታዋ ግን ብዙ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የአጎቴ ልጅ ስለ አገራችን ምግብ በእንግሊዝኛ ትጽፋለች፤ እንጀራ በአሜሪካ ምጣድ እንዴት ዐይን እንደሚያወጣ፣ ሽንኩርት ያለ ዘይት እስከ መቼ እንደሚቁላላ። የጦማር ማስታወቂያ መረብ የሚባለው ድርጅት ደግሞ ምንም አይጽፍም፤ ሽንኩርትም አያቁላላም። እንደ እሷ ያሉትን በመቶና በሺህ በውል ያስርና መኪና አምራቹ ዘንድ፣ ሳሙና ፋብሪካው ዘንድ ሄዶ «ይህን ያህል ሚሊዮን አንባቢ አለኝ» ይላል። አንባቢዎቹን ያፈሩት ጦማሪዎቹ ናቸው፤ «አለኝ» የሚለው ግን ድርጅቱ ነው። ከገቢው ድርሻውን ያነሣና የተረፈውን፣ ማስታወቂያው ከታየ ከ60 ወይም ከ90 ቀን በኋላ፣ ይልካል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ድርጅት ሲሸጥ ገዢው ምን ይዞ ይሄዳል? ጥቂት ጠረጴዛ፣ ጥቂት ኮምፒውተርና አንድ ክምር ውል። ውሉ ውስጥ ያለችው ሽሮ የምታማስለው ሴት ናት።

እዚህ ላይ ነው የሻጮቹ ጨዋነት የሚታየው። አገሬ ላይ በሬ ሲሸጥ አይቻለሁ። ሻጩ ጥርሱ እንዲታይለት አፉን ይከፍታል፣ ሻኛውን ይዳብሳል፣ በዋጋው ይማማላል፤ በሬውን ግን ቃል አይናገረውም። ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ «አይዞህ፣ ለአንተ የሚለወጥ ነገር የለም፤ ያው ሣር ነው» ያለ ገበሬ አላየሁም። ከሥልጣኔ ወደ ኋላ የቀረነው እንዲህ እንዲህ ባለው ምክንያት ይመስለኛል።

ከደብዳቤው በፊት የሚመጣው ዝምታም ሳይመሰገን አይታለፍም። ድርጅቱ ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ ሁለት ወር ሙሉ ሲናፈስ ነበር። የአጎቴ ልጅ ጻፈችና ጠየቀች። «ስለ ወሬ አስተያየት አንሰጥም» ተባለች። ሐሜት የሚጸየፍ ድርጅት በዚህ ዘመን ማግኘት ቀላል አይደለም! በዱሮው ሥርዓት ሽማግሌ ሲላክ፣ ጥሎሽ ሲቆረጥ፣ ጠጅ ሲጣል ልጅቱ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ነገሩን የምትሰማው ድንኳኑ ሲተከል ነው። እኛ ይህን ኋላ ቀር ልማድ ብለን ስንተወው፣ የካሊፎርኒያ ሰዎች ከወደቀበት አንሥተው የምስጢር ጥበቃ ውል የሚል ስም አወጡለት።

የታሪክ ምስክሮችም አሉኝ፤ ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አንብቡልኝ። ዋየርድ መጽሔትን ካቋቋሙት አንዱ የሆነው ጆን ባቴል በ2005 ፌደሬትድ ሚዲያ የሚባል የጦማር ማስታወቂያ መረብ መሠረተ። ቦይንግ ቦይንግን የመሰሉ ስመ ጥር ጦማሮች ከሥሩ ተሰለፉ። ጊዜው ጦማር ቴሌቪዥንን ይቀብራል የሚባልበት ነበር። በ2014 መጀመሪያ የማስታወቂያ ሥራው ተሸጠ፤ ገዢው ሊን ሚዲያ፣ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ባለቤት! ሟች ተነሥቶ ቀባሪውን በገንዘቡ ገዛው። ሊን በበኩሉ ወራት ሳይቆይ ከሚዲያ ጄኔራል ጋር ለመዋሐድ ተስማማና በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ውሕደቱ ተፈጸመ፤ ሚዲያ ጄኔራልን ደግሞ በ2017 ኔክስታር ጠቀለለው። ሌሊት ተኝቶ ጠዋት የማን እንደሆነ ጠይቆ የሚነሣ ጦማሪ እንዴት ያለ አስደሳች ሕይወት እንደኖረ አስቡት። ሳይሸጥ የቀረው ክፍልም ቢሆን ባዶ እጁን አልቀረም፤ ሶቭረን የሚል አዲስ ስም ወጣለት፤ ሲሰሙት ሉዓላዊ ማለት ነው። ሴት ጦማሪዎችን ያሰባሰበው ብሎግኸርም፣ በ2005 በሦስት ሴቶች ተመሥርቶ፣ በ2014 ወደ ሺኖውስ ሚዲያ፣ ሺኖውስ ደግሞ በ2018 ወደ ፔንስኪ ሚዲያ ተላለፈ። ቤተሰቡ ሰፋ፤ እንኳን ደስ አላቸው።

ዓረፍተ ነገሯ ውሸታም ናት የሚሉ ሰዎች ግን አሉ። ለእነሱ መልሴ ሀፊንግተን ፖስት ነው። በየካቲት 2011 የኢንተርኔት ድርጅቱ ኤኦኤል ይህን ድረ ገጽ በ315 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በሺህ የሚቆጠሩ ጦማሪዎች ለዓመታት ያለ ክፍያ የጻፉበት ቤት ነው። ሽያጩን ሲሰሙ ከመካከላቸው አንዱ፣ ዱሮ የጸሐፊዎች ማኅበር መሪ የነበረ ሰው፣ ለባልደረቦቹ 105 ሚሊዮን ዶላር ይገባናል ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። በመጋቢት 2012 የኒው ዮርኩ ፌዴራል ዳኛ ክሱን ዘጋው። ስትጽፉ እንደማይከፈላችሁ ታውቁ ነበር፤ የተስማማችሁት ለመታየት ነው፤ ታይታችኋል፤ በኋላ ዋጋው ስለ ጨመረ ውሉን መለወጥ አትችሉም፤ የፍርዱ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። ዳኛው ምን አጠፉ? ሲጽፉ ዜሮ፣ ሲሸጥም ዜሮ። የሚለወጥ ነገር የለም የተባለው ቃል ሳይሸራረፍ የተፈጸመበት ሽያጭ ካለ ይህ ነው፤ ሰዎቹ ግን በዚህም ተከፉ። ሰው ሲባል ማመስገን አይወድም።

ያሁ የጦማር መድረኩን ተምብለርን በ2013 በ1.1 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ፣ ሥራ አስኪያጇ ማሪሳ ሜየር እንዳናበላሸው ቃል እንገባለን ብላ ነበር። ይህን ቃል እያነሡ የሚስቁ አሉ። በ2019 ያሁን የጠቀለለው ቬራይዘን ተምብለርን ለኦቶማቲክ ሸጠው፤ ዋጋው ከ3 ሚሊዮን ዶላር በታች እንደሆነ ተዘገበ። አዲስ አበባ ውስጥ በዚህ ዋጋ ጥሩ ሕንፃ አይገኝም። ቢሆንም ወይዘሮዋን አትውቀሱ፤ ቃል የገባችው ላለማበላሸት ነው። አናረክሰውም አላለችም።

ሰዎች ወዳጅ የሚያፈሩበትና ሙዚቃቸውን የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ፣ ማይስፔስስ? የሩፐርት መርዶክ ኒውስ ኮርፕ በ2005 በ580 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ በ2011 በ35 ሚሊዮን ገደማ ሸጠው። የዚህኛው ገዢ ስፔሲፊክ ሚዲያ፣ ራሱ የማስታወቂያ መረብ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሌሎች ባለቤቶችም አለፉበት። በ2019 ነው ጉዱ የታወቀው፤ ፋይሎች ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ ሲዛወሩ ሰዎች በ12 ዓመት ውስጥ ያስቀመጡት ሙዚቃ ጠፋ፤ ከ50 ሚሊዮን በላይ ዘፈን እንደሆነ ተገምቷል። ድርጅቱ ምን አለ? ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ ጠይቆ፣ ቅጂ በየቤታችሁ አስቀምጡ ብሎ መከረ። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ይሁን እንጂ ዜማው ከእኛ ሰፈር የወጣ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ውኃ በተቋረጠ ቁጥር በሩ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት እንዲህ ውቅያኖስ ተሻግሮ ተምሳሌት ሲሆን ማየት ያኮራል። ቡና ብቻ ነው ወደ ውጭ የምንልከው የሚለውን አላምንም።

ደብዳቤ የማይጽፍ ድርጅት ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ደግሞ ዓረፍተ ነገሯን የበለጠ ያከብራታል። ግላም ሚዲያ ይባል የነበረው፣ በኋላ ሞድ ሚዲያ የተባለው መረብ፣ አንድ ሰሞን ከቢሊዮን ዶላር በላይ ዋጋ የተሰጠው ነው። በመስከረም 2016 ገዢ ሳይገኝለት በድንገት ተዘጋ፤ ብዙ ጦማሪዎች ያልተከፈላቸውን ሒሳብ ታቅፈው ቀሩ። አዲስ ምዕራፍ የለ፣ ጉዞ የለ። ሰው ገንዘቡን ሲያጣ ቢያንስ «በታላቅ ደስታ» ሊባል ይገባዋል።

ወደ አጎቴ ልጅ ልመለስ። የሚለወጥ ነገር የለም በተባለ በሦስተኛው ሳምንት ሁዳዴ ገባ። እሷም እንደ ልማዷ የጾም በየዓይነቱ አዘገጃጀት ጽፋ፣ ምስሩን፣ ጎመኑን፣ ድንቹን አሳምራ ፎቶ አንሥታ አወጣች። አዲስ አበባ ያለችው እናቷ ገጹን በስልኳ ከፈተች። ከምስር ወጡ ጎን አይብ የሚያንጠባጥብ ድርብ ሥጋ የያዘ በርገር ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ይታጠፋል።

«ልጄ፣ ምን ነካሽ? በሁዳዴ?»

ልጅቱ ለአዲሶቹ ባለቤቶች አቤት አለች። ማስታወቂያውን የሚመርጠው ኮምፒውተር እንደሆነ፣ ኮምፒውተሩም አንባቢው ምን እንደሚወድ ከማንም በላይ እንደሚያውቅ ተነገራት። አሳማኝ ነው፤ በሁዳዴ ሰው የሚወደው ምን እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። ቀጥሎ 60 ቀን የነበረው የክፍያ ጊዜ «አገልግሎታችንን ለማሻሻል» 90 ቀን ሆነ። ለማን እንደተሻሻለ አልተጻፈም። ቀድሞ በስሟ ጠርታ፣ የዶሮ ወጧን ሠርታ ቀምሳ የምትጽፍላት ሠራተኛም ከአሮጌው ምዕራፍ ጋር አብራ ተዘጋች። በእሷ ቦታ የመጣው ደብዳቤ «ውድ የመጀመሪያ ስም» ብሎ ይጀምራል። ስሟ ሊገባበት የተዘጋጀው ቦታ ሳይሞላ የተላከ ነው። የአጎቴ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናደደችው ያን ቀን ነው፤ በርገሩን ችላው ነበር።

ሌላም ወሬ ተከተለ፤ ገዢው ራሱ ሊሸጥ ነው ይባላል። እሷም በዚህ ጊዜ አልጠየቀችም፤ ተቀምጣ ደብዳቤ ጻፈች። አንብባልኛለች፦

«በታላቅ ደስታ አበስራችኋለሁ። አብረን ስንጓዝ የቆየንበት ጦማሬ ወደ አዲስ ቤተሰብ ተቀላቅሏል። አዲሷ ባለቤት እናቴ ናት። የሽያጩን ዋጋ ይፋ ላለማድረግ ተስማምተናል። ለእናንተ የሚለወጥ አንዳችም ነገር የለም፤ ማስታወቂያችሁን ብቻ አናወጣም።»

መልሱ በአራት ደቂቃ ደረሰ። «ውድ የመጀመሪያ ስም፤ ስለ ጻፉልን ደስ ብሎናል። በውላችን መሠረት ከቤተሰባችን መልቀቅ የሚፈልግ አባል የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ይኖርበታል።»

አሁን ቀኑን እየቆጠረች ነው። ዋጋው ሁለት ኪሎ በርበሬና ግማሽ ኪሎ ሚጥሚጣ መሆኑን በምስጢር ነግራኛለች፤ በርበሬው በሰው እጅ ተልኮ ባለፈው ቅዳሜ ደርሷል።